ለበረዶው የደረሰ ብርድ ልብስ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ብርድ ልብስ ተሸክሜ ከአንድ የበረዶ ተራራ ሥር፣ ከትልቅ የብረት በር ፊት ቆሜያለሁ፤ ከዘበኛው ጋር ግን መግባባት አልቻልንም።

«እሰይ! ስንጠብቅሽ ነበር እናቴ» አለና ብርድ ልብሱን ከትከሻዬ ላይ ነጠቀኝ። «ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ነው ያደረው።»

«እኔን! አሞት ነው ልጁን?»

«የቱን ልጅ?»

«ይድነቃቸውን ነዋ! እናቱ ናት የላከችኝ።»

«እኔ የምልሽ በረዶውን ነው» አለኝ፣ እንደ ደንቆሮ እያየኝ።

ይድነቃቸው የጎረቤቴ የጥሩወርቅ ልጅ ነው። ባሕር ማዶ ለአንድ ትልቅ የበረዶ ሸርተቴ ኩባንያ ይሠራል። ሥራው ምንድን ነው ብትሉ፣ ሀብታሞች ሁለት ጣውላ ከእግራቸው አስረው ከተራራ ቁልቁል ይንሸራተታሉ፤ እሱ ደግሞ በሽቦ በተንጠለጠለ ወንበር መልሶ ወደ ላይ ይሰዳቸዋል። ሰዎቹ ለመውደቅ ይከፍላሉ። እኛ ሰፈር ዝናብ ሲጥል በነፃ ነው የምንወድቀው። በረዶው ያነሰ እንደሆነም ኩባንያው በማሽን ይረጨዋል አለን አንድ ቀን፤ እኔና ጥሩወርቅ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ይህ እንግዲህ በእውን ያለው ነው።

በሕልሜ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሽቅብ የሚሄደው በረዶው ነበር። እግሩን አነባብሮ፣ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ። ሠራተኞቹ ዳገቱ ላይ በሙሉ በጀርባቸው ተነጥፈዋል። በረዶው አናት ላይ ይወርድና በላያቸው ላይ እልል እያለ ይንሸራተታል።

«ሠራተኛው ዛሬ እንዴት ነው?» ይላል አንዱ በረዶ።

«ሳስቷል። አጥንቱ ይቆረቁራል።»

ወዲያው አንድ ትልቅ ማሽን እየጮኸ አዲስ ሠራተኛ ይረጭ ጀመር። ሰው ከነደንብ ልብሱ፣ ከነፈገግታው በአየር ላይ ተበተነና ዳገቱ ላይ ተነጠፈ። አንዱ አለቃ በዱላ እየወጋ ውፍረቱን ለካ። «ይበቃል!» አለ። ማን እንደሚበቃው እግዜር ይወቅ።

ይድነቃቸውን ዳገቱ መሐል አገኘሁት። ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጧል።

«ተነስ እንጂ አንተ!» አልኩት።

«ኧረ ቀስ በይ እትዬ ውድነሽ፣ በረዶው ተኝቷል።»

«አንተስ መቼ ነው የምትተኛው?»

«እኔማ ይኸው ተኝቼ ነው የምሠራው» አለኝ። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ፊቱ ግን ይስቃል። ሳቁ የሥራው ግዴታ ነው።

ዞር ስል ከአጠገቡ አንድ የበረዶ ቁልል እስከ አንገቱ ተሸፋፍኖ ያንኮራፋል። በምን ተሸፋፍኖ? በጥሩወርቅ ብርድ ልብስ! ያ ነብር ያለበት፣ «ለልጄ ሠርግ» ብላ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው። ደሜ ፈላ። በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከረባት ያሰረ በረዶ ነበር። ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው ሰው የሚያነጋግረው።

«እኛ እዚህ አንድ ቤተሰብ ነን» አለኝ ገና ሳልናገር።

«ቤተሰብ ከሆናችሁ እናቱ የላከችለትን መልሱለታ!»

«ቤተሰብ ያለውን ይካፈላል።»

«ታዲያ የልጁ ድርሻ የታለ?»

«ብርዱ» አለኝ።

«አታፍርም?»

«በረዶ አያፍርም እመቤቴ። ያፈረ ፊቱ ይሞቀዋል፤ የሞቀው ይቀልጣል።»

የፍሪጁን በር ፊቱ ላይ ወርውሬ ዘጋሁበት። እየሮጥኩ ተመልሼ ብርድ ልብሱን ከዚያ ከሚያንኮራፋው ላይ ገፈፍኩት። በረዶው እንደ ሕፃን እሪ አለ። የተራራው በረዶ ሁሉ ነቅቶ አብሮ አለቀሰ። አለቆቹ «እሹሩሩ! እሹሩሩ!» እያሉ ተራወጡ። ሥራ አስኪያጁ ከፍሪጁ ውስጥ ሆኖ ጮኸ፦

«ወቅቱ አልቋል! ሠራተኛው ይቅለጥ!»

ሠራተኛው ሁሉ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ማንም አልጮኸም፤ እየሳቁ ነው የቀለጡት። ይድነቃቸው ካበጠው ጉልበቱ ጀመረ። ብርድ ልብሱን ጠቅልዬበት ደረቴ ላይ ለጠፍኩት።

«ጠበቅ አድርገሽ ያዥኝ እትዬ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

ጠበቅ አደረግሁ። ውሃው በክንዶቼ መሐል ወረደ፣ ወረደ፤ በመጨረሻ ነብሩን ብቻ አቅፌ ቀረሁ።

«ውድዬ! ኧረ ውድዬ!» የጥሩወርቅ ድምፅ በአጥሩ በኩል ቀሰቀሰኝ። «ነይ፣ ይድኔ በስልክ መጥቷል!»

ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልለብስ ሮጥኩ። ጥሩወርቅ ያንኑ ብርድ ልብስ መሬት ላይ ዘርግታ በገመድ እያሰረች ነው፤ ከሰዓት ለሚሄድ ሰው ልታስይዝለት። ስልኩን ጠርሙስ አስደግፋዋለች። ይድነቃቸው ካፖርቱን ደርቦ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ድረስ ስቦ፣ ከትልቅ የካርቶን ቁልል ፊት ተቀምጦ ይስቃል።

«ተይው እማዬ፣ አትድከሚ። ክፍሉ ማሞቂያ አለው ብዬሽ የለ?» ይላታል።

ሳቁን አላመንኩትም። ሌሊቱን ሙሉ አይቼዋለሁ።

«እስቲ እኔን እየኝ» አልኩት። «ያ ማሞቂያ ያለው ክፍልህ ዛሬም ይሞቃል?»

«ይሞቃል እትዬ፣ እንዴት አድርጎ!»

«ታዲያ ቤት ውስጥ ካፖርት ምን ይሠራል? ከኋላህ ያለውስ ካርቶን?»

ወደ ካርቶኑ ዞር ብሎ አየ። ጥሩወርቅ ገመዱን እንደያዘች ቀና አለች።

«ክፍሉ ውስጥ የበረዶ መርጫውን ማሽን አስገቡበት» አለ በመጨረሻ። «እኛ ለጊዜው ዕቃ ቤት ነን።»

«ማሽኑን? ማሽኑን ለምን?»

«ብርድ አይችልማ፣ እትዬ።»