የዘንገናን አባወራዎች ያጠፋሁ ዕለት

ልጆቼ፣ የመንደራችንን አባወራዎች በሙሉ በአንድ ጠዋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ!

አትሳቁ። ወጣቶቹ «ይንገሩን እንጂ» ብለው ስለነዘነዙኝ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እያወራሁ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ትርንጎ ናት።

ትርንጎ ኮምፒውተር ተምራ መጣችና የዘንገናን ከብቶች የሚመዘግብ የስልክ አፕ ሠራች። ቆሰበር ያለው የከብት ክሊኒክ ከተቀበለው የክትባት ቀን በስልካችን ይደርሰናል። ካልተቀበለው የስንት ወር ልፋቷ ገደል ገባ!

መጀመሪያ ግን ወረቀት ጻፈች። ስልኩ ላይ የሚሞላው እያንዳንዱ ሳጥን ማን ተብሎ እንደሚጠራ የሚናገር። የክሊኒኩም ኮምፒውተር በዚያው ወረቀት ተሠራ።

አንድ ቀን ስልኩን ስታሳየኝ፣ «ይኼ ሳጥን ምን ይላል?» አልኳት።

«አባወራ። የከብቱ ባለቤት የሚጻፍበት ነው።»

አባወራ! ባሌ ካረፈ ስንት ዘመኑ! ላሜን የማልባት እኔ፣ ስታምጥ አብሬ የማድር እኔ!

«አርቢ በይው።»

«ወረቀቱስ እማዬ?»

«ተይው! ወረቀት ማን ያነባል?»

(ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አንድም ወረቀት አንብቤ የማላውቀው!)

አፑን ለክሊኒኩ የምታሳይበት ቀን የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። ባሎች ከፊት፣ ሚስቶች ከኋላ። ትርንጎ ስልኳን ነካ ስታደርግ የክሊኒኩ ኮምፒውተር ግድግዳው ላይ ይጽፍ ጀመር። የክሊኒኩ ዶክተር ያነባል፦

«ላም ሻሽቱ፦ አባወራ አልተገኘም። ላም ወለላ፦ አባወራ አልተገኘም...»

አያ ካሴ ብድግ አሉ። «እዚሁ ተቀምጬ?!»

ሚስታቸው ከኋላ፣ «ማሽኑ አወቀባችሁ! በማለቢያ ሰዓት መቼ ተገኝታችሁ ታውቃላችሁ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የትርንጎ ዓይን ግን እንባ አቀረረ።

አልቻልኩም። ተነሣሁ።

«ዶክተር፣ ልጅቱን አይቆጧት። ስልኩ ላይ አርቢ አስብዬ ወረቀቱን ተይው ያልኳት እኔ ነኝ!»

ዶክተሩ ወረቀቱን አየ፣ ስልኩን አየ። «እማማ፣ ወረቀቱ ሌላ ስልኩ ሌላ ካለ ማሽኑ የት ገብቶ ይፈልግ? አንዱን ይምረጡና ሁሉም ቦታ እሱ ይሁን።»

«እኔ ልምረጥ?»

«ያበላሹት እርስዎ አይደሉ?»

ወደ ኋላ ዞሬ ሴቶቹን አየሁ።

«አርቢ!»

በሳምንቱ ወረቀቱም፣ ስልኩም፣ የክሊኒኩ ኮምፒውተርም አርቢ አሉ። ተቀበሏት! ይኸው ዛሬም የሻሽቱን ጥጆች ክትባት ስልኩ ያስታውሰኛል። እኔም ትርንጎ አንድ ስም በለወጠች ቁጥር «ወረቀቱስ?» እላለሁ። ማን አስተማረዎት በሉኝ? የገዛ የልጅ ልጄ! ውርደት!

ዶክተሩ አርቢ ለሚለው ስም ለምን ቶሎ እሺ እንዳለ ያወቅሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ ጫግኒ ለእናቱ ለቅሶ ሄጄ። እናቱ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ወተት እየሸጡ ነው እሱን ያስተማሩት። ላሞቻቸው ግን እስከ መጨረሻው የተመዘገቡት በሟቹ አባወራ ስም ነበር።