አንዱ ቅጠል ይበቃል

[ናጋኖ፣ ከተራራ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ፤ ረፋድ ላይ። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ኢሳኩ ነጯ ትንሽ መኪናው ፊት ቆሟል። መኪናዋ ጀርባዋን ለጋራዡ ግድግዳ ሰጥታ፣ አፍንጫዋን ወደ መንገድ አውጥታለች። ጎረቤቱ ማታሺቺ፣ የቀድሞ ዓሣ ሻጭ፣ የቅጠል ሥዕል ያለባት፣ መዳፍ የምታህል ክብ የመኪና ማግኔት ይዟል። ኢሳኩ ያቺን ክብ ነገር ካየ ጀምሮ ደሙ ፈልቷል።]

ኢሳኩ፦ አልለጥፍም አልኩ፣ አልለጥፍም!

ማታሺቺ፦ እኔ ልጅህ በስልክ ያለችኝን ነው የምነግርህ፣ ጋሼ። «ወይ ቅጠሉን ይለጥፍ፣ ወይ ቁልፉን ያስረክበኝ» ነው ያለችው።

ኢሳኩ፦ ቺዙሩን መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ! ዛሬ ከናጎያ ድረስ በባቡር መጥታ ቁልፌን ልትቀማኝ?

ማታሺቺ፦ ቁልፉ ከሄደ ፍልውሃውም ሄደ። መንጃ ፈቃዴን ከመለስኩ ወዲህ የታጠብኩት ሁሉ በአንተ መኪና ነው።

ኢሳኩ፦ በመኪናዬ ታጥበህ አታውቅም።

ማታሺቺ፦ በመኪናህ ሄጄ ማለቴ ነው።

ኢሳኩ፦ ይኼን ጣጣ ያመጣብኝ ያ ሕግ ነው። ቺዙሩም እሱን አንብባ ነው።

ማታሺቺ፦ የትኛው ሕግ?

ኢሳኩ፦ ጋዜጣ አታነብ! ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሹፌር ሁሉ መንገድ ላይ ማንነቱን ያሳውቅ ይላል። እስከ ዛሬ በፈቃድ ነበር፤ አሁን ግዴታ ሊያደርጉት ነው።

ማታሺቺ፦ መስኮቱን ዝቅ እያደረገ?

ኢሳኩ፦ ለምን?

ማታሺቺ፦ ማንነቱን እንዲያሳውቅ። «ኢሳኩ እባላለሁ፣ ሰባ ስምንቴ ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል» እያለ። ቀይ መብራት ላይስ ይሁን። አረንጓዴ ላይ ግን በምን ይደርሳል?

ኢሳኩ፦ በምልክት ነው፣ አንተ ደረቅ! በቅጠል! ለጀማሪ ለምለም ቅጠል፣ ለእኛ የረገፈ ቅጠል!

ማታሺቺ፦ የረገፈው እኮ ቀረ። [ማግኔቱን ያሳየዋል።] ሰው ስለተቀየመ ለወጡት። አሁን አራት ቅጠል ነው፤ ያውም በየቀለሙ።

ኢሳኩ፦ አንድ ሆኖ ረገፈ፣ አራት ሆኖ ረገፈ፣ ምን ለየው? እንዲያውም ባሰበት፤ አሁንማ መጥረጊያ ይፈልጋል።

ማታሺቺ፦ ታዲያ ሕጉ ወጣ?

ኢሳኩ፦ ገና ረቂቅ ነው።

ማታሺቺ፦ ረቂቅ?

ኢሳኩ፦ ረቂቅ!

ማታሺቺ፦ [እፎይ ብሎ] ምነው ታዲያ ቀድመህ አትለኝም! ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ የቤተ መቅደሱ መነኩሴ «ነፍስ ረቂቅ ናት፤ ረቂቅ ማለት በዓይን የማይታይ ነው» ብሎኛል። በማይታይ ሕግ ማን ይቀጣል?

ኢሳኩ፦ እሱ የነፍስ ነው! ይኼ የሕግ ነው! ረቂቅ ማለት ተጽፎ ያልጸደቀ ማለት ነው!

ማታሺቺ፦ ከተጻፈማ ይታያል።

ኢሳኩ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል።] ከአንተ ጋር ከመከራከር አውቶቡስ በትከሻ መግፋት ይቀላል። ስማኝ! ቅጠል ለማን ነው? ሰው ለሚያዝንለት። ከባድ መኪና ከኋላዬ ሲመጣ ምን ያደርጋል?

ማታሺቺ፦ ራቅ ይልልሃል።

ኢሳኩ፦ ጡሩምባ ይነፋብኛል?

ማታሺቺ፦ ዱሮ ይነፉብህ ነበር።

ኢሳኩ፦ አሁንስ?

ማታሺቺ፦ አሁንማ ተዉ።

ኢሳኩ፦ ለምን ተዉ?

ማታሺቺ፦ [መሬት መሬት እያየ] እሱማ...

ኢሳኩ፦ ስላወቁኝ ነዋ! አነዳዴ በከተማው ተወርቶ! ያ ፀጉሩን ቢጫ የቀባው ጎረምሳ ባለፈው ከኋላዬ ደርሶ እንዴት ሰከነ? እስከ ድልድዩ ድረስ እንደ ቀብር አጃቢ ነው የተከተለኝ። ይኼ ክብር ይባላል!

ማታሺቺ፦ ቀስ ብሎ ነው የተከተለህ። እውነት ነው።

ኢሳኩ፦ ደግሞ የምታመጣውን እንኳ በቅጡ አታመጣ! ከፊትና ከኋላ ነው የሚለጠፈው። አንድ ይዘህ መጣህ?

ማታሺቺ፦ አንዱ ይበቃል።

ኢሳኩ፦ ሁለት ነው የሚያስፈልገው!

ማታሺቺ፦ አዎ፣ ሁለት ነው። አንዱ ይበቃል።

ኢሳኩ፦ ዓሣውንም እንዲህ እየቆጠርክ ነው የከሰርከው። እንግዲያውስ ልማልልህ፦ እኔ መኪና ላይ ቅጠል የተለጠፈ ዕለት ቁልፉን በገዛ እጄ ለቺዙሩ ሰጥቼ በእግሬ እሄዳለሁ!

ማታሺቺ፦ [ደንግጦ] ኧረ ተው ጋሼ፣ አትማል!

ኢሳኩ፦ ምያለሁ!

ማታሺቺ፦ ወደ ፍልውሃው እኮ ዳገት ነው።

ኢሳኩ፦ ቅጠሉ መኪና ላይ ምን ያህል እንደሚያስጠላ በዓይንህ ታየዋለህ። [ይገባና መኪናዋን ከጋራዡ አውጥቶ ያቆማታል፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርዳል።] በል፣ ከኋላ ሂድና ያዝልኝ። እንዳትለጥፈው፣ ያዘው ብቻ!

ማታሺቺ፦ [ከኋላ ቆሞ] ቦታ የለም።

ኢሳኩ፦ የምን ቦታ የለም?

ማታሺቺ፦ ተይዟል።

[ኢሳኩ ዞሮ ይመጣል። ከታርጋው በላይ ፀሐይ ያደበዘዘችው ባለ አራት ቅጠል ማግኔት ጸጥ ብሎ ተለጥፏል። ኢሳኩ በዚህ በኩል መቼ እንደዞረ ለማስታወስ ይሞክራል። ዘንቢሉን የሚያስገባው በጎን በር ነው። የትም ሲያቆም ጀርባዋን ለግድግዳ ይሰጣል፤ በዚህም ይኮራል። የሚያጥባት ማታሺቺ ነው፤ ለሚሳፈርበት ውለታ።]

ኢሳኩ፦ ይኼ... መቼ?

ማታሺቺ፦ ያ ከባድ መኪና ጡሩምባ ነፍቶብህ፣ ተናደህ እስከ ጫካው ያሳደድከው ጊዜ። በማግስቱ ሳጥብልህ ለጠፍኩት። የራሴ ነው፤ መንጃ ፈቃዴን ስመልስ የተረፈኝ።

ኢሳኩ፦ ሁለት ዓመት ሊሞላው! እኔን ሳትጠይቅ!

ማታሺቺ፦ መኪናዋ ያንተ ናት ጋሼ። ከጎን የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ።

ኢሳኩ፦ ያ ጎረምሳስ?

ማታሺቺ፦ ቅጠሉን አይቶ ነው።

ኢሳኩ፦ የአትክልት ጫኙ ሹፌርስ? ሲቀድመኝ ባርኔጣውን የሚያነሳልኝ?

ማታሺቺ፦ እሱ ሆደ ቡቡ ነው።

[ከታች ከባቡር ማቋረጫው ደወል ይሰማል።]

ማታሺቺ፦ ባቡሯ ደረሰች። ወደ ጣቢያው በእግር ከሆነ አሁኑኑ እንነሳ።

[ኢሳኩ በሩቅ የሚታየውን የፍልውሃውን ዳገት ያያል። ጉልበቱን ያሻል። ከዚያ ያንን የደበዘዘ ቅጠል እንደገና ያያል።]

ኢሳኩ፦ ማታሺቺ።

ማታሺቺ፦ አቤት ጋሼ።

ኢሳኩ፦ ረቂቅ ማለት ምንድን ነው ያለህ፣ መነኩሴው?

ማታሺቺ፦ በዓይን የማይታይ።

ኢሳኩ፦ አዋቂ ሰው ነው። [መሪው ጋ ገብቶ ይቀመጣል።] የፊቱን ባንተ በኩል ለጥፈውና ግባ፤ ልጅቷን ጣቢያ አናስጠብቃት።

ማታሺቺ፦ [ለጥፎ እየገባ] መሐላውስ?

ኢሳኩ፦ ገና ረቂቅ ነው።