የተጎዳ ሰው አርቢትሩን አያይም

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም። ዜና ሲነገር ሌሎቻችን እንስቃለን፣ እንተክዛለን ወይም ጣቢያ እንቀይራለን። እሱ ግን የሬዲዮውን ድምፅ ይጨምራል። «በሙስና የተጠረጠሩ ከፍተኛ ኃላፊ...» የሚለውን ሲሰማ ጭኑን በጥፊ መትቶ ብድግ ይላል። «አለቀላቸው!» ይላል። ከዚያ ኃላፊው ይፈታሉ፤ ወይም ይሾማሉ፤ ወይም ሁለቱም በአንድ ቀን ይሆንላቸዋል። ሰውየው ግን በሚቀጥለው የዜና ሰዓት እዚያው ሬዲዮው ሥር፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ጆሮውን ቀስሮ ቁጭ ብሏል።

የእኛ ሰፈር ይህን ሰው ከሩቅ ማምጣት አላስፈለገውም። አጎቴ ነው።

ክቡር አጎቴ፣ የተስፋ ዘብ አዛዥና የፍርድ ቤት አግዳሚ ወንበር ቋሚ ተጠሪ፣ በጉልበቱ ዘመን የእግር ኳስ አርቢትር ነበር። ትልቅ ስታዲየም አትጠብቁ። ሣሩ ያለቀበት ሜዳ ላይ ጋራዦች ከዳቦ ቤቶች ሲጋጠሙ ነው ያጫውት የነበረው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ፊሽካውን ከአንገቱ፣ ቢጫና ቀይ ካርዱን ከደረት ኪሱ አላወጣም። ከዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ሕግ ይዞ ተመልሷል፤ እራት ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ አውቶቡስ ውስጥም ይጠቅሰዋል፦ «የተጎዳ ሰው አርቢትሩን አያይም። ወድቆ ዓይኑን ወደ አርቢትር የሚልክ ካየሽ፣ ምንም አልሆነም!»

ጥግ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ በየጠዋቱ ይጠብቀዋል።

«ጋሽ አርቢትር! ዛሬስ ማን አለቀለት?»

«ሳቅ፣ ሳቅ። የአሳንሰሩ ሰውዬ ፋይል ተንቀሳቅሷል።»

«ያ ሰውዬ? እሱን ያሰሩ ቀን ዕድሜ ልክህን በነፃ እላጭሃለሁ።»

«ምላጭህን ሳለው፤ ከስረሃል!»

የአሳንሰሩ ነገር እንዲህ ነው። የአጎቴ ሚስት፣ እቴቴ የምላት፣ ጉልበቷን ታማለች። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ደግሞ የጉልበት ሕክምና የሚሰጠው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህን ያቀደውን ሰው አላውቀውም፤ ሳስበው ግን ሊቅ ሳይሆን አይቀርም። በእግሩ እዚያ የደረሰ በሽተኛ ሁሉ ድኗል ማለት ነውና የክፍሉ ውጤት ምንጊዜም ያማረ ነው። ለማይደርሱት ደግሞ አሳንሰር ተገጠመ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። በሩ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ መጥሪያውን ሲጫኑት ብርቱካናማ መብራት ቦግ ይላል።

በመጀመሪያው ቀን እቴቴና አጎቴ መጥሪያውን ተጭነው ጠበቁ። ጠበቁ፣ ጠበቁ። ሠራተኛው ለምሳ ወጥቶ ተመለሰ። በመጨረሻ አጎቴ ጣቶቹን በሁለቱ በሮች መሃል ሰክቶ ፈለቀቃቸው።

ከኋላቸው ግድግዳ ነበር። ያውም ጥሩ አድርጎ የተለሰነ፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ቀለሙ ነው። ማንም የማያየውን ግድግዳ ማን አስቦለት፣ ማን አዝኖለት ቀባው?

የጥበቃ ሠራተኛው እየሮጠ መጣ። «ኧረ ተው አባቴ! እሱ እንዲከፈት ታስቦ የተሠራ አይደለም።»

የጤና ጣቢያውን ግንባታ ያስፈጸሙት ዋና ሥራ አስኪያጅ ተከሰሱ። አጎቴም ትራሱን በብብቱ ይዞ የችሎት ሕይወቱን ጀመረ፤ አግዳሚ ወንበሩ ይቆረቁራላ። አንድ ጊዜ ጠበቃቸው ሐዘን ደረሰበት፤ ቀጠሮ። አንድ ጊዜ መብራት ጠፋ፤ ቀጠሮ። አንድ ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ሌላ ቦታ ተሾሞ ሄደ፤ ቀጠሮ። የአሳንሰሩ በሮች ተነቅለው በሰው ትከሻ ለማስረጃ መጡ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ጠፉ። ሁለት የብረት በር! የማስረጃ ክፍል ኃላፊው ሲጠየቅ ደንግጦ የሱሪውን ኪስ ሲፈትሽ አጎቴ በዓይኑ አይቷል። ጠበቃው ወዲያው ተነሳ። «ክብርት ዳኛ፣ የውሸት በር ተብሏል። በሩ የታለ? የሌለ በር እንዴት ይዋሻል?» አጎቴ ይህን ቤት መጥቶ ሲነግረን፣ ዲግሪ አለኝ የምለው እኔ ነገሩ ትክክል መስሎኝ እስኪመሽ ድረስ ስብሰለሰል ቆየሁ።

«ሰው እየቀለደብህ ነው ጋሼ» አልኩት።

«ጨዋታ ጊዜ ሲገድሉበት አይተሽ አታውቂም? የሚሸነፍ ቡድን ጊዜ አይገድልም እንዴ?»

«የሚገድለው የሚመራው ነው እንጂ።»

ትንሽ አሰበ። «እሱም ቢሆን የባከነ ሰዓት ይጨመራል» አለ።

ከዚያ ያቺ ቀን መጣች። ዳኛዋ፣ ዛሬ ምስክር ሳይሰማ ማንም ከዚህ አይወጣም ብለዋል ተባለ። እቴቴም «ዛሬስ አብረሽው ሂጂ። እሱ የሚነግረኝን ግማሹን አላምነውም» ብላ ላከችኝ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ስማቸው ሲጠራ ተነሱ። ዳኛዋን አዩ፣ የምስክሮቹን ሰልፍ አዩ፣ ደረታቸውን ያዙ፣ ወደቁ። ሲወድቁ ኮታቸው እንዳይጨማደድ ሰብሰብ አድርገውት ነበር። ችሎቱ ተተራመሰ። እሳቸው ወለሉ ላይ ተዘርግተው እያቃሰቱ፣ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ወደ ዳኛዋ ተመለከቱ።

እኔ አየሁ። አጎቴም አየ።

እጁ እሱን አላማከረውም፤ እምላለሁ። ፊሽካው አፉ ውስጥ ነበር፤ ነፋው። ያ ድምፅ በዚያ ከፍ ያለ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደጮኸ! ፖሊሱ በቆመበት ደረቀ። ጸሐፊዋ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ዋና ሥራ አስኪያጁም ብድግ አሉ። ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ፣ ቀጥ ብለውም ትእዛዝ ጠበቁ። ከዚያ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ተመልሰው ወደቁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በሌላኛው ጎናቸው።

አጎቴ በአግዳሚዎቹ መሃል እየተራመደ ቢጫ ካርዱን ከፍ አድርጎ ያዘ። «ይነሱ! የተጎዳ ሰው አርቢትሩን አያይም!»

ከዚያ ፍትሕ ሮጠች። እንዲህ መሮጥ እንደምትችል አላውቅም ነበር። ምስክር አላስፈለጋት፣ መብራት አልጠፋባት፣ ጠበቃ ሐዘን አልደረሰበት። አጎቴ ችሎት በመድፈር አንድ ሳምንት እንዲታሰር፣ ሁለተኛም እዚያ ችሎት እንዳይገባ ተወሰነበት። ዋና ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «የጤናቸው ሁኔታ በሁሉም ዘንድ ስለታየ» ውጭ አገር ሄደው እንዲታከሙ ተፈቀደላቸው። ፊሽካው በማስረጃነት ተያዘ። ልብ በሉ፣ ይህ ማስረጃ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

እቴቴ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። የመጣሁት ብቻዬን ነው።

«እህስ? ታሰረ?»

«ታሰረ።»

«እሰይ! ሰውየው?»

«ጋሼ።»

በጣም ሳቀች። ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ታዲያ ነገ ማን ደግፎ ያወጣኛል?»

እኔ ወሰድኳት። አሳንሰሩ የነበረበት ቦታ አሁን በር እንኳን የለውም። ባዶ ግድግዳ ነው፤ ከጎኑ ግን መጥሪያው ቀርቷል። እቴቴ ስታልፍ ተጫነችው። ብርቱካናማው መብራት ቦግ አለ።

«ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ምን ያደርግብኛል?» አለችኝ።

ደረጃውን እየተንጠላጠለች፣ ፎቅ በጨረስን ቁጥር ቆም እያለች ትሳደባለች። ሥራ አስኪያጁን ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ባሏን ነበር። «ይሄ ጅል! በስተርጅና ፊሽካ! ሰው ፊት! ብርድ አይችል፤ ደግሞ ጋቢውን ሳይዝ...» እኔ ከፊቷ ላይ ላብ ነው ብዬ የጠረግሁት ላብ አልነበረም።

አጎቴ ሲፈታ ቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ነው ያመራው። ጺሙ አድጓል፤ ፊቱ ግን የሠርግ ቤት መስሏል።

«ኧረ ጋሽ አርቢትር! በመጨረሻ ላንተ አለቀልህ?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«አለ!» አለ አጎቴ፣ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ።

«ምኑ?»

«እስር ቤቱ! አለ እኮ! እኔማ በልቤ ፈርቼ ነበር። እንደ አሳንሰሩ ይሆናል፣ በር ብቻ ነው፣ ከኋላው ግድግዳ ነው፣ ለዚህ ነው ማንም የማይገባበት እያልኩ። ለካ አለ! በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ውስጡ እውነተኛ ክፍል ነው። አልጋም አለ። ሰውየው ሲመለሱ እንዳይቸገሩ አልጋዬን አንጥፌላቸው ነው የወጣሁት። አለቀላቸው!»

ፀጉር አስተካካዩ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። ፎጣውን አራግፎ አንገቱ ላይ አሰረለት። ሲጨርስ አጎቴ ኪሱን መዳበስ ጀመረ።

«ተው» አለው ፀጉር አስተካካዩ፣ ምላጩን እየጠረገ። «በአሳንሰሩ ጉዳይ ሰው ታስሯል። ቃል ቃል ነው።»

ባለፈው ቀጠሮ አጎቴ ስለተከለከለ በእሱ ፈንታ ተቀይሬ የገባሁት እኔ ነኝ። በር ድረስ ሸኝቶ ትራሱን ሰጠኝ። ቢጫ ካርዱንም ሊሰጠኝ ነበር፤ አልተቀበልኩም። ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሕክምና አልተመለሱም። ምናልባት የሚታከሙበት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ይሆናል። ዳኛዋ ቀጠሮ ሰጡ፤ ትራሴን ይዤ ወጣሁ።

ቀኑ የእቴቴም የሕክምና ቀን ስለነበር ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ታች መጥሪያው እየበራ ነበር፤ እቴቴና አጎቴ አልፈዋል ማለት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደረስኩባቸው። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። እሱ አጠገቧ ተንበርክኮ፣ በዚያ ጋራዦችን ከዳቦ ቤቶች ሲገላግል በኖረ እጁ ጉልበቷን ቀስ እያለ ያሻል። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ።

«እህስ?» አለ።

ቀጠሮ ነው ልል ነበር። አይመለሱም፣ ተው በቃ፣ ትራሱንም ለሌላ ነገር እናውለው ልል ነበር። ደረጃውን ስወጣ ያዘጋጀሁት ይህንኑ ነበር።

«አለቀላቸው» አልኩ።

አጎቴ ጭኑን በጥፊ መታ። እቴቴ ግን ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ትኩሳቴን ልትለካ የፈለገች ይመስል እጇን ወደ ግንባሬ ዘረጋች።

«ውይ ልጄን፣ አንቺንም ጀመረሽ?»

ትራሱን ለአጎቴ አቀበልኩና የዘረጋችውን እጅ ይዤ አስነሳኋት። አንድ ፎቅ ይቀረናል።