አልመክርም እንጂ ብመክርህ ኖሮ

የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ሰኞ። የምክር አገልግሎት የድኅረ ምረቃ አመልካች ለሁለተኛ ቃለ መጠይቅ ከረፋዱ አራት ሰዓት ቀጠሮ ነበራት፤ አልቀረበችም። ማመልከቻዋ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ እንደቆመ ነው። አመልካቿ ቅዳሜ ጠዋት አርፋለችና ከዚህ በላይ በመዝገብ የሚሰፍር ነገር የለም።

ከመዝገብ ውጭ ግን አለ።

ሳይጠየቅ የሚመክር ሰው የሌለበት ቤተሰብ በምድር ላይ አይገኝም። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ፣ መካሪው እሱ ራሱ ነው። ይህ ሰው ሐኪም ሳይሆን መድኃኒት ያዛል፤ ሳይጠራ ያስታርቃል፤ መንገድ ስትጠይቀው መንገዱን ትቶ ለምን መሄድ እንደሌለብህ ያስረዳሃል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ተረቱ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ግን ለመከራ ተራ አይለቁለትም።

በእኛ ቤት ይህን ታላቅ ሥልጣን ይዘው የኖሩት ክብርት ታላቅ እኅቴ ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ «እታለም» ይላታል። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው፤ ሹመቷ ምክር።

«አልመክርም እንጂ ብመክርህ ኖሮ» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ወዲያ መቀመጫ መፈለግ ነው። የታክሲውን ሹፌር ስለ አማቱ መክራዋለች። ጠበቃውን ስለ ሕግ መክራዋለች። የጥርስ ሐኪሟ አፏን በብረት ሞልቶ «እፎይ» ሲል፣ አጎንብሶ መሥራት ወገቡን እንደሚጎዳው በእጇ አስረዳችው፤ እሱም ገብቶት ቀና አለ።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ ዓምና ክረምት ላይ ቤቴ መጥታ ወንበር ስባ የተቀመጠችው።

«ልማር ነው» አለች።

«ምን?»

«ምክር።»

«እታለም፣ ዓሣ ዋና ሊማር ነው እንዴ?»

አልሳቀችም። «ልብስ ስሰካ፣ ስፒል አፌ ውስጥ እያለ ሰው ችግሩን ይነግረኛል» አለች። «ስፒሉን ሳወጣ ምን እንደምለው አላውቅም።»

እሷና «አላውቅም» አንድ ላይ ሲሄዱ አይቼ አላውቅምና አልገባኝም፤ ያልገባኝን ነገር ደግሞ በቀልድ ማለፍ ልማዴ ነው።

የመረጠችው የክርስቲያን ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እኔ ሬጅስትራር የሆንኩበት ነው። ድሮ በማታ ተምራ ያገኘችው የሥራ አመራር ዲግሪ አላት፤ መሳቢያ ውስጥ ከቁልፎችና ከዚፖች ጋር ነበር የሚኖረው። ማስረጃዋ ሙሉ ነው። እኅቴ ናትና ፋይሏን ለረዳቴ ሰጠሁ፤ በእጄ አልነካሁትም።

የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፉላት ፓስተሯ ነበሩ። ደብዳቤው በሚስጥር ተጽፎ በታሸገ ፖስታ መምጣት አለበት። መጣ፣ ታሽጎ ነው የመጣው። ፓስተሩ ግን ደውለው ይቅርታ ጠየቁኝ። «አጠገቤ ተቀምጣ ነው ያጻፈችኝ» አሉ። «‹አልመክርዎትም እንጂ፣ ‹ታጋሽ› የምትለዋን ከላይ ቢያደርጓት› አለችኝ። አደረግሁ። ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ነገር ተበላሸ። ጥያቄው፦ «ሳይመልሱ፣ ሳይመክሩ አንድን ሰው ያዳመጡበትን ጊዜ ይግለጹ» ይላል። ቢሮዬ ደወለች።

«ይኼ ነገር ተሳስቷል» አለች።

«ምኑ ነው የተሳሳተው?»

«ካልመከረው ምን ሊያደርግለት ነው የሚያዳምጠው?»

«እሱን እኮ ነው የሚጠይቁሽ።»

«እነሱም አያውቁትም ማለት ነው» አለችና ዘጋችው። ባዶውን ተወችው።

በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የሆነውን የነገሩኝ ዲኑ ናቸው። ፈተናው እንዲህ ነው፦ አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የተጻፈለትን ችግር እንደ ራሱ አድርጎ ያወራል፤ አመልካቹ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ተማሪው ስለ እጮኛው መናገር ጀመረ። እታለም ሦስት ዓረፍተ ነገር ታገሠች። ከዚያ «ቆይ ልጄ፣ ይቺ ልጅ አታዋጣህም» አለች። ወደ ዲኑ ዞራም «እርስዎም ሳሉን ችላ ብለውታል» አለቻቸው።

ዲኑ ቢሮዬ ገብተው በሩን ዘጉት። «ማን ማንን እንደፈተነ አልገባኝም» አሉ። «ልጁ እኮ እጮኛ የለውም። ግን ሲወጣ የተገላገለ ይመስል ነበር።»

«ወደቀች ማለት ነው?»

«በደንቡ ወድቃለች።» ትንሽ ሳሉ። «አንድ ጊዜ እንሞክራት። ሰባተኛውን ጥያቄ መልሳ፣ ዝም ብላ ካዳመጠች ትገባለች። አሁንም ከመከረች ግን ለዘንድሮም ለከርሞም በቃ።»

ስነግራት አልተከራከረችኝም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ነገሩን ከምር ይዛዋለች። እሑድ እሑድ እኔ ላይ መለማመድ ጀመረች። እኔ ስለ ሥራዬ አወራለሁ፤ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ትሰማለች። እግሯ ወለሉን ይመታል፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይቆማል። «ልፈነዳ ነው» ትላለች፤ ትፈነዳለችም። አንድ ቀን «ስፒሎችሽን አፍሽ ውስጥ አድርገሽ ለምን አትገቢም?» አልኳት። «አንተ መቼም ቁም ነገር አታውቅም» ብላ ተቆጣች። በማግስቱ ለረዳቴ ደውላ፣ ለፈተናው ስፒል ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተች። ልቧ ነው አሉ።

እሑድ፣ ቀብሩ ላይ፣ የማላውቃቸው ሴቶች መጡ። ደንበኞቿ ናቸው። አንዷ እጄን ይዛ «እንደ እሷ ዝምተኛ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

ቀብር ተሳስታ የመጣች መስሎኝ ነበር። «የልብስ ሰፊዋ ቀብር ነው፣ እመቤት» አልኳት በትሕትና።

«አዎ፣ እታለም። ባሌ የሄደ ጊዜ አንድ ቀሚስ ስታጠብብልኝ አለቀስኩ። ስፒሏን እንደያዘች ሰማችኝ። ጨርሼ እንኳ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ የሚጠብ ልብስ ባይኖረኝም እየፈለግሁ እሄድ ነበር።»

ሌላዋም እንደዚሁ አለች። ሌላዋም። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ሙሉ ከዚህች ሴት አፍ ሳላመልጥ የኖርኩ ሰው፣ ስለ ማን እንደሚያወሩ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። የጥርስ ሐኪሙን በእጇ መክራዋለች፤ ስፌት ላይ ግን እጇም አፏም ሥራ ይዘዋል፣ ይኼ ይገባኛል። ስፒሉ ከወጣ በኋላስ? እሱ አይገባኝም።

ሰኞ ረዳቴ ፋይሏን ይዛ መጣች። ሦስት መሳቢያ አለን፦ የተቀበልናቸው፣ ያልተቀበልናቸው፣ ራሳቸው የተዉት።

«ጋሼ፣ የት ላስቀምጠው?»

«አላውቅም» አልኳት።

ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እኔም ከሬጅስትራር ወንበሬ ላይ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ፋይሉ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ጠረጴዛ ደግሞ በእኔ ደንብ የፋይል ቦታ አይደለም።

የሚያውከኝ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት የነበረው ሐሙስ ነው። አዲስ ሱሪዬ ረዝሞብኝ ወደ ሥራ ቤቷ ሄድኩ። በርጩማው ላይ አቆመችኝ፣ ስፒሎቿን ጎረሰች፣ ከእግሬ ሥር ተንበረከከች። ስለ ቢሮው እያወራሁ ሳለሁ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከሥራ ወጥቼ ባዶ ቤት መግባት እንደሚከብደኝ፣ አንዳንዴም በሩ ላይ ቁልፉን ይዤ እንደምቆም ነገርኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እሷ ጠርዙን እያጠፈች ስፒል ትሰካለች። የመጨረሻውን ሰክታ ስትጨርስ አፏ ባዶ ሆነ። «አልመክርህም እንጂ» እስክትል ጠበቅሁ። አግባ ትለኛለች፣ ድመት ግዛ ትለኛለች፣ ቁልፉን ቀይረው ትለኛለች።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ሌላስ?» አለች።

«ሌላ የለም» አልኩ፤ ደንግጬ ነው።

ራሷን ነቀነቀች። ያ ምክር አልመጣም። ለሰኞ እየተለማመደችብኝ ነበር? አሟት፣ አቅም አጥታ ነበር? ወይስ ለደንበኛ ሁልጊዜም እንዲህ ናት፣ እኔ በርጩማው ላይ ቆሜ ስለማላውቅ ነው? መዝገብ የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ ከሦስቱ አንዱን መጻፍ ነበረብኝ። አልቻልኩም። የምነግራት ሌላ ግን ነበረ። ብዙ ሌላ ነበረ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱሪውን ሰፍታ፣ ላውንደሪ ወስዳ አስተኮሰችው። ቤቴ ስትመጣ አልነበርኩም። የግቢውን ዘበኛ ስለ ጉልበቱ ሕመም በሰፊው መክራ፣ ሱሪውን ቁልፍ ይዤ በምቆምበት በር እጀታ ላይ ሰቅላ ሄደች።