የኔታን የቀቀለው አፕዴት

መመሪያ አንብቦ ሥራ የሚጀምር ሰው አሳዩኝና፣ እኔ ደግሞ ቀንድ ያለው አህያ አሳያችኋለሁ! «እኔ አነባለሁ» እንዳትሉኝ። የመድኃኒቱን ወረቀት ገና ከካርቶኑ ስታወጡት ጨምድዳችሁ እንደምትጥሉት አውቃለሁ። እኔ ግን ከእናንተም እብሳለሁ፤ መመሪያ ማንበብ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ አላነብም።

ድረ ገጽ ሠሪ ነኝ፤ እዚሁ ደብረ ታቦር። የምሠራበት ፍሬምወርክ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቆምበት ተዘጋጅቶ የመጣ ማገርና ወጋግራ፣ በነጻ የሚሰጥ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ይጽፉታል፣ ያርሙታል፣ ከዚያ... እኛ እንዳይደላን በየጊዜው አዲስ ቨርዥን፣ ማለትም አዲስ እትም፣ ያወጡበታል።

በዚህ ፍሬምወርክ ለወንዛዬ ፍል ውኃ የተራ ማስያዣ ሠራሁ። ጠዋት በሁለት ሰዓት ወንዶች፣ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ሴቶች። ፍሬምወርኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ወደ እኛ ሰዓት የሚቀይር ኮድ በእጄ ጨመርኩበት። የተመዘገበ ሰው ሰዓቱ በስልኩ ይደርሰዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም ነበር።

ሰላም ለእኔ መች ይስማማኛል? ሐሙስ ዕለት «አዲስ ቨርዥን ወጥቷል፤ አሮጌው ከእንግዲህ ድጋፍ አያገኝም» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ከሥሩ «አፕዴት ከማድረግዎ በፊት ይህን ገጽ ያንብቡ» ይላል። ከፈትኩት። ረጅም ነው። ዘጋሁትና አፕዴት አደረግኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ! ድረ ገጹ ተከፈተ፣ ቀለሙም አማረ፤ «እሰይ የእኔ ጀግና!» ብዬ ራሴን መርቄ ምሳዬን በላሁ።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። የሺን ላገባ ነው። ማለቴ... አባቷ እሺ ካሉ። አባቷ የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። ሽማግሌዎቼ ሁለት ጊዜ ሄደው «እስቲ እናስብበት» ተብለው ተመልሰዋል፤ ለሦስተኛው እሑድ ተቀጥረዋል። እኔም የኔታን ደስ ላሰኝ ብዬ፣ ከአፕዴቱ አንድ ቀን በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ በገዛ እጄ የወንዛዬ ተራ አስያዝኩላቸው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የፍል ውኃው ዘበኛ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሴቶቹን በጠዋት ማን ላካቸው?»

«ሴቶች እኮ በስምንት ሰዓት ናቸው!»

«ስልካቸው ሁለት ሰዓት ይላል! አይቼ አስገባኋቸው።»

«ወንዶቹስ?»

«ሌሎቹ ሮጠው አመለጡ... የኔታ ግን ውኃው ውስጥ ናቸው።»

ለካ አዲሱ ቨርዥን የጨመርኩትን ኮድ ወዲያ ጥሎ ወደ ፈረንጅ ሰዓቱ ተመልሷል! የሴቶቹ ስምንት ሰዓት በፈረንጅ ሁለት ነው። ከሐሙስ በፊት የተመዘገቡት ወንዶች በአሮጌው ቨርዥን፣ ከሐሙስ በኋላ የተመዘገቡት ሴቶች በአዲሱ... ሁለቱ ቨርዥኖች አንድ ገንዳ ላይ ተገናኙ።

የኔታ እንዳይወጡ፣ ልብሳቸው ማዶ ከሴቶቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ነው። እንዳይቆዩ፣ ውኃው ይፈላል። እስከ አንገታቸው ተነክረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ይደግማሉ። አንዷ ሴትዮ «የኔታ፣ ይባርኩኝ» ብላ ጠጋ ብትል፣ «ከሩቅ! ከሩቅ ይባርክሽ!» አሉ አሉ። ዘበኛው ሴቶቹን አስወጥቶ ጋቢያቸውን እስኪያቀብላቸው ድረስ በሰሉ።

እሑድ ሽማግሌዎቼ ሲሄዱ እኔም ተጠራሁ። የኔታ ፊታቸው ገና እንደቀላ ነው። ስለ አፕዴቱና ስለ መመሪያው ነገርኳቸው።

«ይህ ነገር መጽሐፉ ላይ ተጽፎ ነበር?»

«ተጽፎ ነበር፣ የኔታ። ሦስተኛው መስመር ላይ፤ ትላንት አየሁት።»

«ቀድመህ አንብበኸዋል?»

«ርዕሱን...»

«ርዕሱን! ልጄንም ርዕሷን አይተህ ነው የፈለግካት?»

ሽማግሌዎቼ መሬት መሬት አዩ። እኔ አፈርኩ፤ የምሬን ነው፣ የሺን ያጣኋት መሰለኝ።

«በእኔ ጉባኤ ያልተነበበ አይተረጎምም» አሉ የኔታ። «መጽሐፍህን ይዘህ በየቀኑ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ትመጣለህ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ እየተረጎምክ ታሰማኛለህ። ስትጨርስ ሽማግሌዎችህ ይምጡ።»

ሦስት ወር! የፍሬምወርኩን ሙሉ ሰነድ በላፕቶፔ ተሸክሜ ስመላለስ፣ የቅኔ ተማሪዎቹ ሳይቀሩ ሳቁብኝ። የኔታ ግን እያደር ወደዱት። አንድ ቀን «ይህን ማን ጻፈው?» አሉኝ።

«የፈለገ ሰው ነው የኔታ። የጎደለ ካለ ማንም ይሞላበታል።»

«ታዲያ የእኛን ሰዓት ያልጻፍክበት እጅህ ተቆርጦ ነው?»

ያን ዕለት እዚያው እፊታቸው ተቀምጬ ስለ እኛ ሰዓት ጻፍኩና ለበጎ ፈቃደኞቹ ላክሁላቸው። «እናመሰግናለን፤ በሚቀጥለው ቨርዥን ይገባል» የሚል መልስ መጣ። የኔታ መረቁኝ።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። ሽማግሌዎቼ ነጠላቸውን አጥበው ይጠብቃሉ። ገጹን ስከፍተው ግን አናቱ ላይ ትላንት ያልነበረ ቢጫ ማስታወቂያ አለ። በመዳፌ ሸፈንኩት።

«እጅህን አንሳ። ምን ይላል?»

«ምንም አይል፣ የኔታ...»

«ተርጉም!»

«ይህ... የአሮጌው ቨርዥን ሰነድ ነው ይላል። አዲሱ ዛሬ ወጥቷል። የእኛም ሰዓት ገብቶበታል።»

የኔታ በደስታ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው! «እሰይ! እንግዲያ ነገ አዲሱን ከመጀመሪያው እናየዋለን።»

አንገቴን ደፍቼ ስወጣ የሺ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«ስማ» አለችኝ፣ «እኔም ድጋፍ የማላገኝ አሮጌ ቨርዥን ሳልሆን ቶሎ ጨርስ!»