ማማረር ያቃታቸው ሚስተር ዌንዴል

በፈረንሳይ ምድር አንድ አሜሪካዊ ያልሰፈረባት ከተማ አለች የሚል ካለ፣ ከተማዋን በቅጡ አልዞራትም። አሜሪካዊው ጣሪያው የዘመመ ቤት ይገዛል፣ ቆብ ይደፋል፣ ከዚያ ማድነቅ ይጀምራል። የእኛው ክቡር ሚስተር ዌንዴል ሃስኬል ይባላሉ፤ ከነብራስካ የመጡ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ናቸው።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ አይብ እሸጣለሁ። በአርባ ዓመት ውስጥ ካገሬ ሰው የሰማሁት ትልቁ ምስጋና «አይከፋም» ነው። ባሌ ጋስቶን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱንም የሚለው ወይን ሞቅ ሲያደርገው ነበር። ሚስተር ዌንዴል ግን የፍየል አይቤን በቀመሱ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው «ማዳም ኦዲል፣ ድንቅ ነው! ድንቅ!» ይላሉ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል፤ እኔ እቀላለሁ።

የማያደንቁት የለም። አንዲት ማኅተም ፍለጋ ማዘጋጃ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሰው ባዶ እጃቸውን ሲመጡ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ደረጃው እንዴት ያምራል!» ኧረ ወዲያ!

እኚህ ሰው በዚህ ዓለም የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የብረት ኳስ የሚወረውሩት ሽማግሌዎች ማኅበር ውስጥ መግባት። ሁለት ዓመት ደጅ ጠኑ። አብሮ አደጌ ሊቀ መንበር ፌርናንድ አሻፈረኝ አለ።

«ውርወራቸው አይረባም?» አልኩት።

«ውርወራው ግድ የለም። ግን አንቺ ኦዲል፣ ተሸንፎ 'ድንቅ ጨዋታ ነበር' የሚል ሰው ይታመናል? እኛ የምንሰበሰበው ለማማረር ነው፤ ኳሱ ሰበብ ነው።»

አንጀቴ አልቻለም። «ሚስተር ዌንዴል፣ የሚያደንቅ እንግዳ ነው፤ ባለቤት ያማርራል» አልኳቸውና መደቤ ፊት ልምምድ ጀመርን።

«ዝናቡ... ትንሽ በዛ» ይላሉ። ወዲያው ደግሞ «ግን ለአበባው ጥሩ ነው።»

«አበባውን ይተዉት!»

ባለፈው ወር የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች መጥተው የጨዋታ ሜዳው ጥላ የሆነውን ዛፍ ቅርንጫፉን ሙልጭ አደረጉት። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ተሰጡ። ሚስተር ዌንዴል ፊታቸው ደም መሰለ። «ይሄ ሥራ ነው? እንኳን ዛፍ፣ የበሰበሰ ጥርስ እንዲህ አይነቀልም! ይህች አገር አበቃላት!» ብለው ጮኹ።

ፌርናንድ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እዚያው ጉንጫቸውን ግራ ቀኝ ሳማቸውና ኳስ አስጨበጣቸው። ደስታዬን ምን ልንገራችሁ!

ቅዳሜ ደረታቸውን ነፍተው መጡ። አይቡን ቀመሱ፤ እኔም እንደ ልማዴ ለመቅላት ተዘጋጀሁ። ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው «አይከፋም» አሉ።

በገዛ እጄ! ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ገበያ መሀል እንባዬ መጣ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ያቺን «ድንቅ» ነበር የምጠብቀው።

«ሚስተር ዌንዴል፣» አልኳቸው፣ «ሜዳው ላይ እንደ ልብዎ ያማርሩ። እዚህ ግን እስከዚያ ጥግ ሄደው እንደገና ይምጡልኝ።»

ሄደው ተመለሱ። አይቡን ጎረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኋላ ሰልፉ «እንግዲህ ልናድር ነው?» እያለ ያጉረመርማል።

«ዝም በሉ!» አልኩ። «ሰውየው ሊናገሩ ነው።»