ስም ያለበት ቆርቆሮ

የደብራችን ምእመናን ቸርነት ተጽፎ ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ወስኗል። የሚጽፍ ስለ ጠፋ እኔ ሸዋነሽ ጽፌዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ለቸርነታችን ግን ይበቃል።

ደብራችን ከወረታ ዝቅ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። በግቢው ውስጥ ሰንበቴ ቤት አለ። ማኅበርተኛው በየወሩ ዳቦና ጠላ ይዞ ይሰበሰብበታል፤ በልቶ ጠጥቶ ይመርቃል፤ ይሄዳል። የማይሄዱት እማሆይ እናኑ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው መነኩሲት ስለሆኑ እዚያው ያድራሉ። ባለፈው ክረምት የሣር ክዳኑ በስብሶ ያፈስ ጀመር። እማሆይ አላማረሩም። አጎዛቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዛውሩ ከረሙ። ቤቱ ያለው አራት ጥግ ብቻ ስለሆነ ነሐሴ ላይ ጥግ አለቀባቸው። መስከረም ሲጠባ ሳል ይዟቸው ነበር። ጤና ጣቢያ ያየቻቸው ነርስም፣ «ሌላ ክረምት እርጥብ ላይ ካደሩ ደረታቸው አይችለውም» አለች።

መምሬ አያልነህ ይህን ሰምተው በግንቦት ልደታ አጭር ስብከት ሰበኩ። «ያለን ሁሉ አደራ ነው» አሉ። «ሩዙም ከብቱም የሱ ነው፤ እኛ ጠባቂዎች ነን። እኒህ አሮጊት በዚህ ክረምት በደረቅ ይደሩ። ሠላሳ ቆርቆሮ ይበቃል።»

አሜን አልን። አሜናችን ወረታ መገንጠያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድም ቆርቆሮ አልመጣም።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚፈታ ሰው እግዚአብሔር ለየደብሩ ይሰጣል፤ ለእኛ የሰጠን አቶ አድማሴን ነው። የሩዝ መፈልፈያ አላቸው፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበርም ናቸው። ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ችግሩ የልብ ድንዳኔ ሳይሆን የአሠራር ክፍተት ነው» አሉ። «ቆርቆሮው ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የሰጪው ስም በቀይ ቀለም ይጻፍ። ሰንበቴ የሚበላ ሁሉ ቀና ሲል ያነበዋል።»

መምሬ አያልነህ፣ «አድማሴ፣ ቀኝህ የሰጠችውን ግራህ አትወቅ ተብሏል እኮ» አሉ።

«አባ፣ ግራ እጅ ማንበብ አትችልም። እኛ የምንጽፈው ለዓይን ነው።»

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ተቀመጡ። መልስ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ መፈልፈያ የለውም።

በአራት ቀን ውስጥ፣ ሠላሳ ቢፈለግ ከሃምሳ በላይ ቆርቆሮ መጣ። ሰው በባጃጅ ጣሪያ ላይ እየጫነ፣ በአህያ እየጎተተ፣ አንዳንዱም ተበድሮ አመጣ። ስም ጻፊው ቀለም አልቆበት ሁለት ጊዜ ገበያ ተላከ። ስም ብቻውን ራቁት መስሎ ስለ ታየን ትንሽ ትንሽ ጨመርንበት። የሊቀ መንበሩ ቆርቆሮ «አቶ አድማሴ ከነባለቤታቸው ከነልጆቻቸው ከነመፈልፈያቸው» ይላል። የእኔ «ወይዘሮ ሸዋነሽ መባ፣ ማንም ሳይጎተጉታት» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ የጎተጎተኝ የጎረቤቴ ቆርቆሮ እንጂ ሰው አይደለም።

ምስማር ግን ማንም አላመጣም። በምስማር ላይ ስም አይጻፍም።

ምስማሩን ያመጣው ቢተው ነው። ቢተው ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ሜዳውን የምናርስበት ማረሻ ሁሉ ከእጁ የወጣ ነው፤ አብሮን ግን ማዕድ አይቀርብም፣ ማኅበርም አይገባም። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ጥበብ ነው፤ ምክንያቱን ስላልነገሩን በጥንቃቄ ጠብቀነዋል። ቢተው ከቁርጥራጭ ብረት የቀጠቀጠውን ምስማር በእንቅብ ይዞ መጣ። ከክምሩ ላይ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ አንሥቶ በመሰላሉ ላይ አስደገፈና በከሰል ምልክት ያደርግ ጀመር። ቆርቆሮው የእኔ ነበር።

«አንተ ቢተው! ምን ልታደርግ ነው?»

«ልመታው ነዋ፣ እትዬ።»

«የት ላይ?»

«ማገሩ የሚያርፍበት ላይ። እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም።»

«እዚያ ላይ ያለሁት እኮ እኔ ነኝ!»

ቢተው ቆርቆሮውን አየ፤ እኔን አየ። «እርስዎ እዚህ ነው ያሉት» አለ።

ያላወቀ ሰው ካለ ላስረዳ። የሰውን ስም ጽፎ በምስማር መምታት የድግምት ሥራ ነው። ስሙ የተመታበት ሰው ይታመማል፣ ላሙ ትነጥፋለች፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል። መቺው ቀጥቃጭ ሲሆን ደግሞ ነገሩ እጥፍ ነው። ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። እስከዚያ ድረስ ማንም አላሰበውም ነበር፤ ከተናገርኩ በኋላ ግን ሁሉም ድሮም ያውቀው እንደነበረ አስታወሰ። እያንዳንዱ ሮጦ ቆርቆሮውን አቀፈ።

ቢተው፣ «እንግዲያስ ስም በሌለበት ባዶ ቦታ ልምታው» አለ። ባዶ ቦታ ተፈለገ። ቸርነታችን ቆርቆሮውን ከዳር እስከ ዳር ስለ ሞላው አልተገኘም። ከነመፈልፈያቸው የሚለው ብቻ አንድ ማገር ይዟል።

«ስሙን በነዳጅ አጥፉትና ምቱት» አሉ መምሬ።

በሁዳዴ ሥጋ ብሉ ያሉን ያህል ቆርቆሯችንን ይበልጥ አጥብቀን አቀፍን። እማሆይ እናኑ በር ላይ ተቀምጠው ያስሉ ነበር። ሰማዩ ከጣና በኩል ጠቁሯል።

አቶ አድማሴ አሁንም መፍትሔ አላጡም። «ምስማር አያስፈልግም፤ ክብደት ነው የሚያስፈልገው» አሉ። ድንጋይ እንዳይባል ፎገራ ሜዳ ላይ ድንጋይ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰጪ አንድ ጆንያ አፈር ሞልቶ በየቆርቆሮው ላይ እንዲጭን ተወሰነ። ጊዜው የዘር ነው፤ አፈር መቆፈር ወገብ ይፈልጋል። በሊቀ መንበሩ ግቢ ደግሞ ከመፈልፈያው የወጣ የሩዝ ገለፈት ኮረብታ አክሎ ተከምሯል። ውሳኔው ጆንያው ሙሉ ይሁን ነው የሚለው እንጂ በምን እንደሚሞላ በግልጽ አላስቀመጠም ተባለ። ጆንያዎቹ ጢም ብለው ሞሉ። ለዓይን ከአፈሩ ያምሩ ነበር። እኔ የራሴን በአንድ እጄ አቀበልኩ፤ በደስታ የሰጡት ነገር እንዲህ ይቀላል ብዬ ተረጎምኩት።

ቤቱ በሰኔ ሚካኤል ተመረቀ። ሦስት ንግግር ተደረገ። ሁላችንም ዳቦውን ትተን አንገታችን እስኪያመን ድረስ ቀና ብለን እርስ በርሳችንን አነበብን። እማሆይ ጥጋቸው ላይ አጎዛቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«እማሆይ፣ ቤቱን እንዴት አዩት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው ጣራውን ተመለከቱ። «ሰው በዝቶበታል» አሉ።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ። መጀመሪያ ጆንያዎቹ ሄዱ፤ እንደ እርግብ ነው የተነሡት። ከዚያ ቆርቆሮዎቹ በየተራ፣ ትልቅ ሰው ከድግስ እንደሚነሣ፣ ድምፅ እያሰሙ ተሰናበቱ። ከነመፈልፈያቸው የሚለው ከሁሉም ርቆ በረረና አቶ አድማሴ በድንበር ተጣልተው የማይነጋገሩት ወንድማቸው የሩዝ ማሳ ላይ አረፈ። ወንድምየው አንብቦ የጥጃ ቤት ከደነበት።

ዝናቡ ወረደ። ምእመናኑም አንድ ሰው ሳይቀር ወደ ማሳው ወጣን። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ ማንም ግን አልሰነፈም። እኔ ስሜን ያገኘሁት ውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ተጣጥፎ ነው። እየሳምኩ አነሣሁት። እማሆይን የፈለገ አልነበረም፤ እማሆይ ላይ የማንም ስም አልተጻፈም።

ስንመለስ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ውሃ እንጂ ሰው የለም። ቢተው በጀርባው አዝሏቸው ወንዙን ተሻግሮ ነበር።

ጉባኤው ጉዳዩን ችላ አላለም። በሦስተኛው ቀን ጃንጥላችንን ይዘን ወደ ቢተው ቤት ወረድን። ደጁ ላይ ቆምን፤ ወደ ውስጥ አልገባንም፤ ምክንያቱን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። እማሆይ ከወናፉ አጠገብ እሳት ዳር ተቀምጠዋል። አጎዛቸው ደርቋል። ሳላቸውም ረገብ ብሏል። አቶ አድማሴ ውሳኔውን አነበቡ፦

«ደብራችን እማሆይ እናኑን በዚህ ቤት በጊዜያዊነት ያስጠለለች መሆኗ እንዲታወቅ...»

«ማን አስጠለላቸው?» አለ ቢተው።

«ደብሯ።»

«እኔስ?»

አቶ አድማሴ ወረቀቱን አገላብጠው ፈለጉ። «አንተ ቦታው ነህ» አሉት።

«በሩን ዝጉት ልጆቼ፣ ወጨፎው ገባ» አሉ እማሆይ።

«ከውስጥ ነው ከውጭ ሆነን የምንዘጋው?» አልኩ እኔ።

«እንደ ወደዳችሁ። ከውስጥ ከሆነ ግን እንጨት ይዛችሁ ግቡ፤ ቢተው ያለውን ጨርሶልኛል።»

ከውጭ ዘጋነው።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እማሆይ እናኑን ከዝናብ የታደጉ ምእመናን ስም በድምፅ ማጉያ ተነበበ። የእኔ ሦስተኛ ተጠራ። እልልታዬን አቀለጥኩት። መምሬ አያልነህ፣ «ቢተውስ?» ብለው ጠየቁ። ጉባኤው እሱንም አልዘነጋም። ስሙ በዚያው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በደብሩ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ቅዳሴ ቀርቶ፣ በሰንበት፣ እንጨት ሲለቅም ታይቷል ተብሎ።